ሕንፃው ሳይከፈት የወጣ ካርቦን፦ ወረቀት ላይ ያለች አንድ መስመር ስንት ቶን ናት?

ማዕዘን (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስትራክቸራል መሐንዲስ ነኝ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለ፤ እዚህ ላውጣው፣ ምናልባት አንዳችሁ የተሻለ መንገድ ታሳዩኝ ይሆናል።

ድሮ ጨርሼ ያስረከብኩትን የአንድ መኖሪያ ሕንፃ ዲዛይን መልሼ ከፈትኩት። ከታች የመኪና ማቆሚያ፣ ከላይ አፓርታማ፣ በድምሩ ስድስት ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል)። ያኔ ስሠራው ያሳሰበኝ ጥንካሬውና ወጪው ብቻ ነበር። አሁን ግን ሕንፃው ውስጥ ታምቆ የገባውን ካርቦን ልቆጥር ፈለግኩ፤ ኢምቦዲድ ካርቦን የሚሉትን። አንድም ሰው ገብቶ መብራት ከማብራቱ በፊት፣ ሲሚንቶው ሲጋገር፣ ብረቱ ሲቀልጥ፣ ጠጠሩ ሲፈጭና ሲጫን የወጣውን ጭስ ሁሉ ማለቴ ነው።

ቁጥሩ ይኸው። ወለሉ 33.6 በ16.8 ሜትር ነው፤ ወደ 565 ካሬ ሜትር ይመጣል። ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) በየ8.4 ሜትሩ ቆመዋል። ለምን 8.4? ቤዝመንቱ ውስጥ በሁለት ኮለን መሀል ሦስት መኪና እንዲገባ። ሶሌታው ቢም (ከኮለን ኮለን የሚጋደም ተሸካሚ) የለውም፣ ርቀቱ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ውፍረቱ 28 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ስድስቱ ሲደመሩ ወደ 949 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። በአንዱ ሜትር ኩብ 380 ኪሎ ሲሚንቶ ገብቷል። ምንም ያልተቀላቀለበት ሲሚንቶ ደግሞ በየኪሎው 0.9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጥቶ ነው የሚመጣው። አባዙት። ከሶሌታው ሲሚንቶ ብቻ 325 ቶን ነው። ፌሮው ገና አልተቆጠረም።

ከዚያ ኮለኖቹን በየ5.6 ሜትሩ አደረግኳቸውና እንደገና አሰላሁት። ሶሌታው 20 ሴንቲ ሜትር በቃው። 271 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ቀረ፤ ከ90 ቶን በላይ ካርቦን ማለት ነው። ኮለኖቹ ከ15 ወደ 28 ከፍ ብለዋል፣ ግን የእያንዳንዱ ሸክም ስላነሰ ቀጥነዋል፣ የወሰዱት ትንሽ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መኪኖቹን ቆጠርኳቸው። በ8.4ቱ ባንድ ረድፍ አራት ክፍተት አለ፤ በየክፍተቱ ሦስት መኪና፣ 12 ይሆናል። በ5.6ቱ ስድስት ክፍተት ነው፤ በየክፍተቱ ሁለት፣ እሱም 12። እኩል! ላይ ያሉት ክፍሎች ደግሞ ድሮውንም ግድግዳቸው በየአራትና በየአምስት ሜትሩ ነው። እና ያ 90 ቶን ማንን ጠቀመ?

ያቺን የኮለን መስመር አርክቴክቱ በመጀመሪያው ሳምንት አሰመራት። እኔም ለምን ሳልል ተቀብዬ ብረት ሞላሁባት። እናንተ ጋ ይህ ቁጥር መቼ ነው የሚቆጠረው? ማንስ ይጠይቃል?

---

ንድፍ_ወዳድ

አርክቴክት ነኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ። 8.4 የሚመጣው ከልማድ ነው። ከዚህ በፊት የሠራነው ፋይል ይገለበጣል፣ ግሪዱ (ኮለኖቹ የሚቆሙበት መስመር) አብሮ ይገለበጣል፣ ባለቤቱ በሁለተኛው ቀን ሥዕል ማየት ይፈልጋል። በዚያች ቀን መሐንዲሱ ገና አልተቀጠረም። መሐንዲሱ ሲመጣ ባለቤቱ ሥዕሉን ወዶታል፣ ከዚያ በኋላ ኮለን መጨመር እንደ ሽንፈት ይታያል።

የምጨምረው ነገር ቢኖር ቤዝመንቱ ራሱ ነው። ከመሬት በታች ያለ ፎቅ ሁሉም ነገሩ ወፍራም ነው። ዙሪያውን አፈር የሚገፋው ግድግዳ፣ ከታች ውሃ የሚያነሳው ወለል፣ የሚቆፈረውና ተጭኖ የሚጣለው አፈር። መኪናዎቹ ላይኛው መሬት ላይ ቢቆሙ ወይም ቁጥራቸው ቢቀንስ ኖሮ የአንቺ 8.4 ሜትርም ባልተወለደ ነበር።

---

ጥያቄ_አለኝ

ተማሪ ነኝ፣ ይቅርታ ጥያቄዬ ቀላል ከሆነ። ፋብሪካዎቹ በከሰል ፋንታ በፀሐይና በነፋስ ኃይል ቢሠሩ የሲሚንቶው ነገር አይፈታም?

---

የላብ_ሰው

ጥያቄህ ቀላል አይደለም፣ ብዙ ባለሙያም የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ማለት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ካርቦኑ ድንጋዩ ውስጥ ነው ያለው። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ድንጋዩ ይፈርስና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቀዋል፤ የቀረው ከሸክላው ጋር ተዋህዶ 1450 ዲግሪ አካባቢ ክሊንከር ይሆናል። ክሊንከር ሲፈጭ ሲሚንቶ ነው። እሳቱ ከየትም ይምጣ ከየት ድንጋዩ የያዘውን መልቀቁ አይቀርም። ከአንድ ቶን ክሊንከር በዚህ መንገድ ብቻ ግማሽ ቶን ይወጣል። ነዳጁ ከዚያ ላይ የሚጨመር ነው። በጠቅላላው ሲታይ 60 በመቶ ያህሉ ከድንጋዩ፣ የቀረው ከእሳቱና ከመብራቱ ነው። ዓለም በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ቶን ሲሚንቶ ያመርታል፤ ከጠቅላላው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 7 ወይም 8 በመቶው ከዚህ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዋናው መንገድ ክሊንከሩን መቀነስ ነው። በከፊል በሌላ ነገር መተካት። የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ዝቃጭ፣ ከከሰል ኃይል ማመንጫ የሚወጣ አመድ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሮማውያን ፓንቴዮን የሚባለውን ቤተ መቅደስ የሠሩት በኖራና በእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ጉልላቱ 43.3 ሜትር ስፋት አለው፣ ውስጡ አንድ ፌሮ የለም፣ ከ2ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ደግሞ ቀለል ያለ ድንጋይ ነው የከተቱበት። ክብደት መቀነስን ያኔም ያውቁት ነበር።

---

ባለካሳፎርማ

እኔ ፎርማን ነኝ፣ እድሜዬን በሳይት ነው የጨረስኩት። ካርቦን የምትሉትን በቅርቡ ነው የሰማሁት፣ ሲሚንቶ የት እንደሚባክን ግን አውቃለሁ።

ሶሌታ በምንሞላበት ቀን የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሚክሰሩ ይመጣል። ኮንክሪቱ ጠጠር ጠጠር ይላል፣ ደረቅ ነው፣ ልጆቹ በአካፋ ሲገፉት አይሄድላቸውም። ፀሐይ አለ። ፓምፑ ያጉረመርማል። አንዱ ጎማውን ይዞ ይመጣና ከበሮው ውስጥ ውሃ ይለቅበታል። ስንት ሊትር? ማንም አይለካውም። ኮንክሪቱ እንደ ሾርባ ይፈሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከ28 ቀን በኋላ ለጥንካሬ ፈተና የተሞላው ኩብ ይወድቃል። ከዚያ በሚቀጥለው ጊዜ አቅራቢው ምን ያደርጋል? እንዳይወድቅበት ፈርቶ ሲሚንቶ ይጨምራል። ውሃ የምንጨምረው እኛ፣ በሲሚንቶ የሚከፍለው እሱ።

ማለስለሻ ኬሚካል አለ፣ ሱፐርፕላስቲሳይዘር ይሉታል። ትንሽ ጠብታ ነው፣ ኮንክሪቱን ያለ ተጨማሪ ውሃ ያስኬደዋል። እሱ ቢኖር ጎማውን ማንም አይነካም ነበር።

---

የላብ_ሰው

ጋሼ ባለካሳፎርማ እጅዎን ይባርከው። እኔ ላብራቶሪ ሆኜ የማየው ሌላኛውን ጫፍ ነው፣ አሁን ሁለቱ ገጠሙልኝ።

25 ሜጋፓስካል ጥንካሬ የተጠየቀ ኮንክሪት ኩቡ መጫኛው ሥር ሲገባ 38፣ 40 ሲሰጥ አያለሁ። ሰው "ጎበዝ፣ ጠንካራ ነው" ይላል። እኔ ግን የሚታየኝ ማንም ያልጠየቀው ሲሚንቶ ነው። መጠነኛ ትርፍ መኖር አለበት፣ ውጤቱ ስለሚዋዥቅ፤ ግን ይህን ያህል መራቁ የፍርሃት ምልክት ነው። ውሃው ቁጥጥር ከተደረገበት፣ አሸዋው በየቀኑ ምን ያህል እርጥበት እንዳለው ከተለካ፣ ጠጠሩ ከትልቅ እስከ ትንሽ በደንብ ከተመጠነ (በጠጠሮቹ መሀል የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላው የሲሚንቶ ሊጥ ነውና) ውጤቱ መዋዠቁን ይቀንሳል፤ ያኔ ትርፉን መቀነስ ይቻላል። ይህ ሁሉ አዲስ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም።

---

አልተዋጠልኝም

እኔ ግን ጉዳዩ ተጋኗል ባይ ነኝ። ሕንፃ 50 ዓመት ይኖራል። ማቀዝቀዣው፣ ማሞቂያው፣ አሳንሰሩ፣ መብራቱ በ50 ዓመት የሚያወጡት ከዚህ ይበልጣል። ደግሞ ኮንክሪት ከአየር ላይ ካርቦን መልሶ ይመጥጣል ይባላል። ከሁሉም በላይ ሶሌታ አቅጥኑ ማለት በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣስ?

---

ማዕዘን

ሦስቱንም በየተራ ልመልስ፣ ምክንያቱም ሦስቱንም እኔም ብያቸው አውቃለሁ።

የ50 ዓመቱ ነገር። በዓለም ደረጃ ሲቆጠር እውነት ነው፣ ሕንፃዎች ሲኖርባቸው የሚያወጡት ሲገነቡ ከሚያወጡት ይበልጣል። ግን ያ ቆጠራ ያለፉትን አሮጌ ሕንፃዎች ሁሉ ይጨምራል። ዛሬ የሚሠራ፣ በደንብ የታሰበበት፣ መብራቱን ከውሃ ወይም ከፀሐይ የሚያገኝ ሕንፃ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ደግሞ በ20ኛው ዓመት አምፖሉን መቀየር ትችላለህ፣ ማቀዝቀዣውን መቀየር ትችላለህ። ሶሌታው ውስጥ የገባውን ሲሚንቶ ግን መልሰህ አታወጣውም። ካርቦኑ ሕንፃው በሚመረቅበት ቀን ሰማይ ላይ ነው።

መምጠጡ። ይመጥጣል፣ እውነት ነው። ግን ከላይ ከላዩ ነው፣ በዝግታ፣ በብዙ ዓመታት፣ ያወጣውንም ሁሉ አይመልስም። ወደ ውስጥ ጠልቆ ፌሮው ጋ ሲደርስ ደግሞ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን አልካሊ ያጠፋዋል። ስለዚህ እኛ መሐንዲሶች በሙሉ ኃይላችን የምንከላከለው ነገር ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡ ላይ ግን በጣም እለይብሃለሁ። መሬት ስትናወጥ ሕንፃው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከክብደቱ ጋር ነው የሚያድገው። ወፍራም ሶሌታ ማለት ላይ የተንጠለጠለ ሸክም ነው፤ ኮለኑም ፋውንዴሽኑም ለሱ ሲባል ይወፍራሉ። እኔ ሶሌታውን ያቀጠንኩት ርቀቱን አሳጥሬ ነው። ኮዱ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቷል።

---

ቆጣሪው

ኳንቲቲ ሰርቬየር ነኝ፤ የግንባታውን ብዛትና ዋጋ የምቆጥር። የማዕዘንን መልስ የሚደግፍ ነገር ላምጣ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 23 ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ ከ10,000 በላይ የብረት ቢሞችን አንድ በአንድ አይተው ነበር። በአማካይ ከአቅማቸው ግማሽ እንኳ አልተጠቀሙም። ኮዱ የሚጠይቀው መጠባበቂያ ከዚህ ውጭ ነው ልብ በሉ። ምክንያቱ ድካም ነው፤ አንዱን ቢም አስልቶ ለሌሎቹ አሥር መገልበጥ ይቀላል።

ፌሮውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። ሁለት ቶን ፌሮ ጎን ለጎን ብትደረድሩ በዓይን አይለዩም። አንዱ ከማዕድኑ በከሰል የቀለጠ ነው፣ በቶን ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውጥቷል። ሌላው ከቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ የቀለጠ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ቶን በታች ነው፣ መብራቱ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ በጣም ያንሳል። የሚለያቸው አብሮ የሚመጣው ወረቀት ነው። እኔ እስከ አምና ድረስ ከዚያ ወረቀት ላይ የማየው ጥንካሬውን ብቻ ነበር።

እና እባካችሁ ማቴሪያል በኪሎ አታወዳድሩ። አሉሚኒየም በኪሎ ሲታይ ከብረት ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ኮንክሪት በኪሎ ሲታይ ከሁለቱም ያንሳል። ግን ሕንፃ በኪሎ አይሠራም። መጠየቅ ያለበት "ይህን ግድግዳ አንድ ካሬ ሜትር፣ ይህንኑ ሥራ እንዲሠራ አድርጎ ለማቆም ስንት ይወጣል?" ተብሎ ነው።

---

የአፈር_ቤት

ሁላችሁም ስለ ሲሚንቶ ብቻ! አፈር አለላችሁ አይደል። የመን ውስጥ ሺባም የምትባል ከተማ በጭቃ ጡብ የተሠሩ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች አሏት፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሠሩ፣ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ ላይ በእ.ኤ.አ. 2001 ትምህርት ቤት ሲሠራ ዋናው ማቴሪያሉ እዚያው ያለው ሸክላ ነበር፤ ኋላ በ2022 ትልቁን የአርክቴክቶች ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን ወሰደ።

---

ቆጣሪው

እደግፍሃለሁ፣ ግን አንድ ጥንቃቄ። የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ስትሠሩ ሲሚንቶ ስንት ትጨምራላችሁ? 8 በመቶ ካላችሁ አስሉት። አንድ ሜትር ኩብ ወደ 1900 ኪሎ ይመዝናል፣ 8 በመቶው 152 ኪሎ ሲሚንቶ ነው። ግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ከወፈረ በካሬ ሜትር ወደ 46 ኪሎ ሲሚንቶ ገባ። ውስጡ ክፍት የሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ከዚህ ባነሰ ሲሚንቶ ሊሠራ ይችላል። የአፈር ቤት ስለተባለ ብቻ አሸንፏል አይባልም።

---

የአፈር_ቤት

ይህ ስሌት ገርሞኛል፣ ተቀብያለሁ። መልሱ ያለ ሲሚንቶ መሥራት ነው እንግዲህ፤ ሰፋ ያለ የጣራ ክፈፍ፣ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ዝናብ ግድግዳውን እንዳያገኘው። ሲሚንቶው የሚገባው ውሃ ስለሚፈራ ነው። ጣራው በደንብ ከሸፈነው የሚፈራው ነገር ይቀንሳል።

---

እንጨትና_ምስማር

እንጨት ሳይነሳ አይለፍ። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ የግንባታ እንጨት 500 ኪሎ ቢመዝን ግማሹ ካርቦን ነው፤ ዛፉ ከአየር ላይ የሳበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 900 ኪሎ ይሆናል። ሕንፃው እስከቆመ ድረስ እዚያው ታሽጎ ይቀመጣል። ኖርዌይ ውስጥ ምዮስቶርኔት የሚባል ከ85 ሜትር በላይ የሚረዝም የእንጨት ሕንፃ በእ.ኤ.አ. 2019 ተመርቋል። የላይኞቹ ፎቆች ወለል ግን ኮንክሪት ነው፣ ሕንፃው ቀላል ስለሆነ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ክብደት ተፈልጎ። ይህን የምለው እንጨት ሻጭ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሁሉም ማቴሪያል በቦታው ሲሆን ያምራል ለማለት ነው።

ደግሞ ዛፉ ከተቆረጠበት መሬት ላይ ሌላ ካልተተከለና ካላደገ ስሌቱ ይፈርሳል። ሕንፃው ፈርሶ እንጨቱ ከተቃጠለም ያ 900 ኪሎ ተመልሶ ይወጣል።

---

አሮጌ_ግድግዳ

እስካሁን ሁላችሁም ስለ አዲስ ሕንፃ ነው ያወራችሁት። ከሁሉ የሚያንሰው ካርቦን ግን ያላፈረስነው ነው።

እኔ የምሠራው እድሳት ላይ ነው። አንድ ባለአራት ፎቅ ቢሮ ይፍረስ ተብሎ ተጠራን። ባለቤቱ "አርጅቷል" አለ። ምኑ ነው ያረጀው? ብለን ገባን። ቧንቧው ዝጓል፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ተበልቷል፣ መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፣ ጣሪያው ያፈሳል። ኮለኑንና ሶሌታውን ናሙና ወስደን አስጨመቅነው፣ ከተጠበቀበት በላይ ሰጠ። ማለትም ካርቦኑ የበዛበት ክፍል ጤነኛ ነበር፤ የታመመው በቀላሉ የሚቀየረው ነው። አፅሙ ቆሞ ሌላው ሁሉ ተቀየረ።

ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ ከተማ ግራን ፓርክ የሚባል ሰፈር የነበሩ 530 አፓርታማዎችም እንዲሁ ነው የሆኑት። ላካቶንና ቫሳል የሚባሉት አርክቴክቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከማፍረስ ይልቅ ከውጭ በኩል አዲስ ሰገነትና በመስታወት የሚዘጋ ክፍል ገጠሙላቸው። ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ሳይለቁ ነው የተሠራው። ሁለቱ በእ.ኤ.አ. 2021 ፕሪትዝከር ተሸልመዋል።

---

ንድፍ_ወዳድ

የ@አሮጌ_ግድግዳን ሐሳብ ወደ አዲስ ሕንፃም ማምጣት ይቻላል። ቧንቧና ገመድን ኮንክሪት ውስጥ አትቅበሩ። ቧንቧ ቀድሞ ያረጃል፤ ኮንክሪት ውስጥ ከተቀበረ ቧንቧው ሲሞት ጤነኛውን ሶሌታ ይዞት ይሄዳል። ለብቻው የሚከፈት ቦታ ይሰጠው። የፎቁን ቁመትም ትንሽ ለቀቅ አድርጉት፣ ዛሬ ቢሮ የሆነው ነገ መኖሪያ ሊሆን ይችላል።

---

ጥያቄ_አለኝ

የላብ_ሰው የተናገርከው ዝቃጭና አመድ ላይ ልመለስ። ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ሁሉም ሰው ግማሽ በግማሽ አይጠቀምም?

---

የላብ_ሰው

ሁለት ምክንያት። አንደኛ የለም። ዝቃጩ የሚመጣው በከሰል ከሚሠራ ብረት ማቅለጫ ነው፣ አመዱ ከከሰል ኃይል ማመንጫ። እነዚያ በተዘጉ ቁጥር እሱም ይቀንሳል። አሁን ያለው ጥሩ ዝቃጭም አብዛኛው ተሽጦ ያልቃል፤ አንተ ብትሻማበት ሌላው ያጣዋል እንጂ ዓለም ላይ የሚጨምር ነገር የለም።

ለዚህ ነው ብዙ ሰው ወደ ሸክላ የዞረው። ሎዛን ያለው የስዊዘርላንድ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ከኩባና ከህንድ ተመራማሪዎች ጋር ያወጣው ኤልሲ3 የሚባል ሲሚንቶ አለ፤ ካረን ስክሪቭነር የምትባል ሳይንቲስት ናት ግንባር ቀደሟ። ግማሹ ብቻ ክሊንከር ነው፣ 30 በመቶው የተጠበሰ ሸክላ፣ 15 በመቶው ያልተጋገረ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 5 በመቶው ጂፕሰም። ሸክላው የሚጠበሰው 800 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 1450 አይደርስም፣ ሲጠበስ ደግሞ የሚለቀው ውሃ ነው። ካርቦኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ለዚህ የሚሆን ሸክላ ብዙ ቦታ አለ።

ሁለተኛው ምክንያት ትዕግሥት ነው። ዝቃጭም አመድም ሲገባ ኮንክሪቱ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። በ28 ቀን የሚለካ ከሆነ ይሸነፋል፣ በ56 ወይም በ90 ቀን ሲለካ ግን ንጹሑን ሲሚንቶ ይደርስበታል፣ አንዳንዴም ያልፈዋል። ፋውንዴሽን በ28ኛው ቀን ሙሉ ሸክሙን ይሸከማል እንዴ? ገና ላዩ ላይ አንድ ፎቅ ቢኖር ነው። ግን ስፔሲፊኬሽኑ 28 ይላል፣ ከየትኛውም ፕሮጀክት ተገልብጦ የመጣ ነው።

---

ባለካሳፎርማ

ፋውንዴሽኑን እስማማለሁ። ሶሌታ ላይ ግን ቀስ የሚል ኮንክሪት አታምጡብኝ። ካሳፎርማና ፑንቴሎው (ኮንክሪቱ እስኪጠና የሚይዘው ሻጋታና ድጋፍ) ተራ ይጠብቃል፤ በሳምንት ካላነሳሁት ላይኛውን መሥራት አልችልም። ተቋራጩ ሲሚንቶ ጨምር የሚለውም አንዱ ለዚህ ነው።

ውሃ ማጠጣትንም አትርሱ። ቀስ የሚለው ኮንክሪት ውሃ ካላገኘ አይጠነክርም። ጆንያ አልብሱትና አርጥቡት። ቅዳሜ አጠጥቶ እሁድን የሚያሳልፍ ሳይት አውቃለሁ፤ ሰኞ ስትመጡ ላዩ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል።

---

ማዕዘን

ጋሼ ባለካሳፎርማ፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። ማለትም አንድ ሕንፃ ላይ አንድ ዓይነት ኮንክሪት መጻፍ የለብኝም። ለፋውንዴሽኑና ለቤዝመንቱ ግድግዳ ቀስ የሚለውን በ56 ቀን፣ ለሶሌታው ፈጠን የሚለውን። እስካሁን አንድ መስመር ነበር የምጽፈው፤ "ኮንክሪት፦ 30" ብዬ ለሁሉም።

---

አልተዋጠልኝም

የመሬት መንቀጥቀጡን ነገር አሰብኩበት፣ ልክ ነሽ። ግን የሚያስገድድ ከሌለ ባለቤት ለምን ይሰማል?

---

ቆጣሪው

የሚያስገድዱ አሉ። ዴንማርክ ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ ከ1000 ካሬ ሜትር በላይ ለሆነ አዲስ ሕንፃ ጣሪያ አስቀምጣለች፤ በ50 ዓመት ተሰልቶ በካሬ ሜትር በዓመት 12 ኪሎ፣ የግንባታውም የአጠቃቀሙም አንድ ላይ ተደምሮ። ከዚያ ወዲህም አጥብቃዋለች። ፈረንሳይ ከ2022 ጀምሮ የራሷ ደንብ አላት።

ደንብ በሌለበት ግን እኔ የማደርገው ይህ ነው። ቢኦኪው (የሥራው ብዛትና ዋጋ ዝርዝር) ላይ ከዋጋው አጠገብ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፣ ኪሎ ካርቦን የሚል። ብዛቱ እዚያው አለ፣ የሚባዛበትን ቁጥር ከባዝ ዩኒቨርሲቲ ከተነሳው አይስ ከሚባለው የቁጥር ስብስብ መውሰድ ይቻላል፣ አምራቹ የራሱን የካርቦን መግለጫ ካወጣ ደግሞ የሱን። ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ። ባለቤቱ ስብሰባ ላይ አየውና መጀመሪያ የጠየቀው "ይሄ ወፍራም ቁጥር ምንድነው?" ብሎ ነው። ሶሌታው ነበር። ካርቦን ግድ ባይሰጠው እንኳ ያ መስመር ላይ የዋጋውም ቁጥር ወፍራም መሆኑን አየ።

---

ጥያቄ_አለኝ

እኔ ዘንድሮ የመመረቂያ ፕሮጀክት እየሠራሁ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልቁጠር ብል የቱን ልጀምር?

---

ማዕዘን

የመዋቅሩን ኮንክሪት በሙሉ ደምረህ ለወለሉ ስፋት አካፍለው። በካሬ ሜትር ስንት ሜትር ኩብ ሆነ? እሱን ቁጥር ከግሪዱ አጠገብ ጻፈው። ከዚያ ግሪዱን በአንድ ሜትር አሳጥረህ እንደገና ጻፈው። ሦስት አማራጭ ሳትሠራ አንዱን አትምረጥ። ፌሮውንም እንደዚያው፣ በኪሎ። የቀለሙና የበሩ እጀታ ኋላ ይደረስበታል።

---

ማዕዘን

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ያኛው ሕንፃ አልፏል፤ ተሞልቷል፣ ሰው ገብቶበታል። አዲስ ሥራ ግን መጥቷል። አርክቴክቱን ግሪዱ ሳይሰመር በፊት ደወልኩለትና እስክሪብቶውን ሳያነሳ አንድ ከሰዓት ስጠኝ አልኩት። ሦስት ግሪድ ይዘን ተቀመጥን። 5.8 ላይ ተስማማን። ቤዝመንቱን ማስቀረት አልቻልንም፣ ባለቤቱ እምቢ አለ፤ ግን ከሁለት ወደ አንድ ወረደ።

ፋውንዴሽኑ በ56 ቀን እንዲለካ ጽፌ ፈቀዱልኝ። 40 በመቶ ክሊንከሩ በእሳተ ገሞራ አመድ ተተክቷል። ከአቅራቢው ጋር ሁለት ጊዜ ሙከራ አድርገናል። ማለስለሻ ኬሚካሉ ገብቷል፣ የሚክሰሩ የውሃ ጎማም ተቆልፏል። ትናንት የመጀመሪያዎቹ ኩቦች ከሻጋታቸው ወጥተው ውሃ ውስጥ ገቡ። ጠርዛቸው ንጹሕ ነው፣ ቀለማቸው ከወትሮው ትንሽ ጠቆር ይላል።

---

ባለካሳፎርማ

የ7 ቀኑ ዝቅ ቢልብሽ አትደንግጪ። ጎማውን መቆለፍሽ ደስ ብሎኛል። ቁልፉ ማን ጋ ነው?

---

ማዕዘን

እኔ ጋ ነው ጋሼ። ኩቦቹ 28 ቀን ሲሞላቸውም 56 ቀን ሲሞላቸውም ቁጥሩን እዚሁ እጽፈዋለሁ፣ ቢያልፍም ቢወድቅም።